የድሬ ሙቀት፣ የደንገጎ ዳገትና አንድ ሊትር የሞተር ሳይክል ዘይት፦ የስምንት ወር ልምዴ

ሞተሬ አንድ ነገር እንደሆነች የገባኝ ዳገቱ መሐል ላይ ነው። ሐሙስ ጠዋት ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ደንገጎን እየወጣሁ ነበር። ከኋላዬ የመሣሪያ ሳጥንና አንድ የፍሪጅ ኮምፕሬሰር ታስሯል። ጋዝ ስሰጥ ኢንጂኑ ይጮኻል፤ ፍጥነቱ ግን ንቅንቅ አይልም። ማርሽ ብቀንስም ያው። ጭነት የሞላ አይሱዙ እያጓራ አለፈኝ። ዳገት ላይ በአይሱዙ መቀደም ምን ማለት እንደሆነ ሞተረኛ ያውቀዋል።

ሥራዬ ፍሪጅ መጠገን ነው። ቤቴ ድሬ ሳቢያን ሰፈር፣ ሱቄ እዚያው ከዚራ፣ በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ሐረር ደንበኞች አሉኝ። ሞተሬ ህንድ ሠራሽ 150 ሲሲ ናት፤ በነፋስ የምትቀዘቅዝ፣ ቅንጦት የማታውቅ።

ከዚያ ሐሙስ አንድ ሳምንት በፊት የአጎቴ ልጅ ለአዲስ መኪናው ከገዛው ዘይት የተረፈውን ሰጥቶኝ ነበር። 5ደብሊው-30፣ ሙሉ ሲንተቲክ (በፋብሪካ የተቀናበረ)፣ ውድ ዕቃ። «ለመኪና የበቃ ለሞተር አይበቃም እንዴ?» አለኝ። አመንኩት። ነጻ ነገር ማን ይጠላል!

መካኒኬ ዘይቱን ሲያወርድ አንድ ጠብታ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሐል አሸት አሸት አደረገና ቀና ብሎ አየኝ። በዕድሜ በሃያ ዓመት ይበልጠኛል። ድሬ ላይ ግን «አንቱ» ብሎ ነገር ስለሌለ እኔም አንተ እለዋለሁ፣ እሱም አንተ ይለኛል። «አንተ አቦ፣ ምን አጠጣሃት?» አለኝ። ነገርኩት። ሳቀብኝ። «ፍሪሲዮኗን ቅቤ ቀባኋት በለኛ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ፍሪሲዮን የኢንጂኑን ጉልበት ከካምቢዮው፣ ማለትም ከማርሽ ሳጥኑ ጋር የሚያያይዘውና የሚያላቅቀው ክፍል ነው። ማርሽ በእጅ የሚቀየር መኪና ላይ ፍሪሲዮኑ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው፤ የኢንጂን ዘይት አይደርስበትም። እንደኔዋ ባለች ሞተር ሳይክል ግን ኢንጂኑ፣ ካምቢዮውና ፍሪሲዮኑ የሚኖሩት አንድ ዘይት ውስጥ ነው። ብዙዎቹ የዘመኑ ቀጫጭን የመኪና ዘይቶች ነዳጅ እንዲቆጥቡ ፍትጊያ የሚቀንስ ቅመም ይጨመርባቸዋል። ለፒስተን ደስ ይላል። የፍሪሲዮን ሥራ ግን መፋተግ ነው። የፍሪሲዮኑ ሸራዎች ተናክሰው ካልያዙ ጉልበቱ ጎማው ጋ አይደርስም። ዘይቱ መጥፎ አልነበረም፤ የገባበት ቤት ነው ስህተቱ።

ደግነቱ ሸራው አልተቃጠለም። ዘይቱ ተቀይሮ ሁለት ቀን ስነዳ መንሸራተቱ ቆመ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የያዝኩት 20ደብሊው-50 ነው፤ ተራ ማዕድን ዘይት፣ ጀርባው ላይ ጃሶ ኤምኤ2 የሚል ያለበት። የምርቱን ስም የማልጠራው ማስታወቂያ እንዳይመስልብኝ ነው። ደግሞም በስምንት ወር ውስጥ ሱቁ ሲያልቅበት የሌላ ፋብሪካ ገዝቻለሁ፤ ፊደሉ አንድ እስከሆነ ድረስ ልዩነት አላየሁም።

ጃሶ የጃፓኖች የመኪና መለኪያ ነው። የሞተር ሳይክል ዘይትን ለይቶ ማውጣት የጀመረው በ1998 እንደ ፈረንጆች ነው። ኤምኤ ማለት ዘይት ውስጥ ላለ ፍሪሲዮን የሚሆን ማለት ነው። በ2006፣ በዚያው በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ኤምኤ1 እና ኤምኤ2 ተብሎ ተከፈለ፤ 2 ያለው ይበልጥ የሚያስይዘው ነው። ኤምቢ የሚል ካያችሁ ደግሞ ፍሪሲዮናቸው ዘይት ውስጥ ላልሆነ ስኩተሮች ነው፤ እዚያው መደርደሪያው ላይ ተዉት። ምልክቱ ጀርባ ላይ ያለች ትንሽ አራት ማዕዘን ሳጥን ናት። ከፊት ያለው የእሽቅድምድም ሞተር ሥዕል ምንም አይነግራችሁም።

ቁጥሩ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው ይደናገራል። «20 ይወፍራል፣ ጠዋት አያስነሳም» የሚል ጓደኛ አለኝ። ደብሊው ያለበት ቁጥር የብርድ ቁጥር ነው። 5ደብሊው ኢንጂን ለማስነሳት ያለው ቅጥነት የሚለካው ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ላይ ነው። 20ደብሊው ከዜሮ በታች 15 ላይ። ሐረር ጥር ላይ ጋቢ ያስለብሳል እንጂ እዚያ አያደርስም። ጠዋት ቾኩን ስበው ሁለቴ ረገጥ ሲያደርጓት ትነሳለች። እኛን የሚመለከተን ሁለተኛው ቁጥር ነው፤ እሱ የሚለካው 100 ዲግሪ ላይ ነው። 30 በዚያ ሙቀት ይቀጥናል፣ 50 ወፈር እንዳለ ይቆያል። የሞተሬ መመሪያ መጽሐፍም የሚለው 20ደብሊው-50 ነው። መጽሐፉ ከተገዛች ጀምሮ ኮርቻው ሥር ነበር። ያነበብኩት ግን ከደንገጎው ጉድ በኋላ ነው።

ሙቀቱን ቀለል አድርጋችሁ አትዩት። ግንቦትና ሰኔ ቀትር ላይ ድሬ 35 ዲግሪ ትገባለች። በነፋስ የሚቀዘቅዝ ኢንጂን ደግሞ ነፋስ የሚያገኘው ሲሄድ ብቻ ነው። ከባጃጆች ኋላ ተሰልፎ ሲቆም ምድጃ ነው። ድሮ በዚያ ሰዓት ፎሌ (ማርሽ ያልገባበትን ቦታ) ማግኘት ፈተና ነበር። ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ፣ ከሁለተኛ ወደ አንደኛ ስል መንገዱ ይከፈትና ከኋላዬ ጡሩንባ ይጀመራል። አሁን ዘይቱ አዲስ ሲሆን በአንድ ንክኪ ይገባል። 1,500 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲደርስ እንደገና ማስቸገር ይጀምራል። ለኔ ከዘይቱ ቀለም ይልቅ ይሄ ነው ምልክቱ። ዘይት ይጠቁራል፣ መጥቆሩ ብቻ ሞተ ማለት አይደለም። የካምቢዮው ጥርሶች ግን ሲፈጩት ይውላሉ፤ እየቆየ መቅጠኑ አይቀርም።

ስለዚህ በየ2,000 ኪሎ ሜትሩ እቀይራለሁ። እስካሁን አራት ጊዜ። መጽሐፉ ከዚህ በላይ ይፈቅዳል፤ አቧራውንና ደንገጎን አስቤ ነው ያሳጠርኩት። በየቅያሬው አንድ ሊትር ገደማ ትወስዳለች። ጃሶ ከሌለበት ዘይት የሚጨምረው ብር የሁለት ምሳ ዋጋ ቢሆን ነው።

አንድ ዙር ሴሚ ሲንተቲክ 10ደብሊው-40 ሞክሬ ነበር፣ እሱም ኤምኤ2። ማርሹ ለሰለሰ፣ አልዋሽም። ቀትር ላይ ግን ከላይ ያለው የቫልቩ ጠቅ ጠቅታ ጆሮዬ ውስጥ ጨመረ። ነዋሪነቱ ሐረር የሆነ ሰው ቢጠይቀኝ እሱን ግዛ እለዋለሁ። እኔ ወደ 50 ተመለስኩ።

ቅሬታ የለኝም ማለት ግን አይደለም። ወፈር ያለ ስለሆነ ቤንዚን ትንሽ የጨመረ ይመስለኛል፤ ለክቼ ግን አላረጋገጥኩም። ሁለተኛው ቅያሬ ላይ ደግሞ ከሥር ማንጠባጠብ ጀመረች። ዘይቱን ስረግም ከረምኩ። መጨረሻ ላይ ጥፋተኛው ከማውረጃው ቡሎን ሥር ያለች ያረጀች የመዳብ ሮንዴላ ሆና ተገኘች። በሳንቲም ተቀየረች፣ ቆመ።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ አስመስሎ የተሞላው ዘይት ነው። አንዴ ክዳኑ ላይ ያለው ቀለበት የተፈታ ዕቃ አጋጥሞኝ መልሻለሁ። ባለሱቁ ተኮሳተረ፤ ይኮሳተር። ጨርሼ ስጥልም ዕቃውን ለሁለት ቆርጬ ነው፣ ሌላ ሰው መልሶ እንዳይሞላው። የተቃጠለውን ዘይት መካኒኬ በርሜል ውስጥ ያጠራቅምና ምስጥ እንዳይበላው እንጨት የሚቀቡ ሰዎች ይወስዱታል። ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ የሚደፉትን ሳይ ግን ደሜ ይፈላል።

የአጎቴ ልጅ የሰጠኝ ዘይት ግማሽ ሊትር ያህል አሁንም መደርደሪያዬ ላይ አለ። የፍሪጅና የበር ማጠፊያ እቀባበታለሁ። ለዚያ ለዚያ እንኳ፣ አቦ፣ አንደኛ ነው።