«80 ግራም» ተብሎ የተሸጠልኝ ወረቀት

የእህቴ ልጅ ለግማሽ ዓመት ዕረፍት ባሕር ዳር እኛ ጋ መጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 አሜሪካ ውስጥ 88 ሜትር ከ31 ሳንቲ ሜትር ስለበረረችው የወረቀት አውሮፕላን ስልኬ ላይ አይቶ «እኛስ?» ብሎ ያዘኝ። ስልኩን ካስጣለልኝ ብዬ አንድ ደስጣ ኤፎር ገዛሁለት። ማሸጊያው ላይ «80 ግራም፣ 500 ቅጠል» ይላል። ዋጋውን አልጽፍም፤ እናንተ እስክትሄዱ ሌላ ይሆናል።

ቤት ውስጥ ምንም አይወጣለትም። ጠርዙ እኩል ተቆርጧል፣ ይሄ ደግሞ ለአውሮፕላን ትልቅ ነገር ነው፤ ማዕዘኑ ከተዛባ ክንፎቹ አይመጣጠኑም፣ ወደ አንድ ጎን እየዞረ ግድግዳ ይመታል። እጥፋቱን በጥፍር ጫን ስትሉት ሳይሰነጠቅ ቀጥ ብሎ ይቀራል።

ጉዱ የወጣው ጣና ዳር ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማው ይነፍሳል። ልጁ ወደ ውሃው ዞሮ ሲወረውር አፍንጫው ቀና ይልና ክንፉ እንደ ጠወለገ ጎመን ይልፈሰፈሳል፤ ከዚያ ተገልብጦ ከኋላችን ይወድቃል። ክብደቱ ወደ ፊት እንዲያደላ አፍንጫውን ደግመን አጠፍነው፤ ትንሽ ሻል አለው እንጂ አልዳነም። ቦርሳዬ ውስጥ ጊዜው ያለፈበት የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ነበረች፣ በዚያው ዓይነት አጥፌ ሰጠሁት። ነፋሱን ሰንጥቃ ሄደች።

«አክስቴ፣ የደብዳቤሽ ወረቀት ይከብዳል» አለኝ።

እውነቱን ነው። አንድ ኤፎር የካሬ ሜትር አሥራ ስድስተኛ ነው። በካሬ 80 ግራም ከሆነ ቅጠሉ 5 ግራም፣ ደስጣው 2 ኪሎ ተኩል መምጣት አለበት። በማግሥቱ ሱቁ ሄጄ ያልተከፈተውን አንዱን እሽግ አጠገቡ ያለ ቅመም ቤት ሚዛን ላይ አስቀመጥነው፦ 2 ኪሎ ከ200፣ ያውም ከነማሸጊያው። ይህ የ70 ግራም ክብደት ነው።

«ልጄ፣ እኔም 80 ተብዬ ነው የገዛሁት» አሉኝ ባለሱቁ። አመንኳቸው። ግን ሌላ ዓይነት አውጥተው፣ መዝነው፣ ልክ 2 ኪሎ ተኩል ሲሆን «ይሄን ከፈለግሽ ጨምሪ፣ የተከፈተው ግን አይመለስም» ሲሉኝ ደሜ ፈላ። በስህተታቸው እኔ ጨማሪ? ጥዬ ወጣሁ። እናንተ ግን ስትገዙ አስመዝኑ፣ አትፈሩ፤ ቅመም ቤቷ ልጅ ሳንቲም አልጠየቀችኝም።

ወረቀቱን ግን አልጣልነውም። ጠዋት፣ ነፋሱ ሳይነሳ፣ ስሱ ወረቀት የተሻለ ነው፤ ስለሚቀል ቀስ ብሎ፣ ረጋ ብሎ ይንሳፈፋል። የክንፉን ኋላ ጠርዝ በጣት ጫፍ ቀና አደረግንለት፤ በአፍንጫው መጥለቁን ተወ። በሦስተኛው ቀን ልጁ የወረወረው ከዳርቻው ተነሥቶ ውሃው ላይ ትንሽ ከሄደ በኋላ እንጨት ተሸክሞ በሚመጣ ታንኳ ላይ አረፈ። ሰውዬው መቅዘፉን አቁመው ወረቀቱን አነሡት፣ ገልበጥ አድርገው አዩት፣ ከዚያ ወደ እኛ ጮኹ፦

«ሲያቅተኝ ነው ደግሞ ጭነት የምትጨምሩብኝ?»