ዳባትና ደባርቅ ላላችሁ፦ «ውርጭ አያስገባም» የሚባለውን ላስቲክ ከመግዛታችሁ በፊት

ጎንደር ገበያ ላይ «ውርጭ አያስገባም» እየተባለ የሚሸጥ የግሪንሃውስ (አትክልት የሚበቅልበት የላስቲክ ቤት) ላስቲክ አለ። ህዳር ሲገባ ፈላጊው ስለሚበዛ ዋጋውንም ሰቅለውታል። ብራችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡ።

ሻጩ ለማሳያ የሚወስዳችሁ እዚያው ጎንደር፣ አዘዞ አካባቢ ያለ ቲማቲም ጋ ነው። ቲማቲሙ እውነትም ያምራል። ግን አዘዞን መቼ እንደኛ ውርጭ መታውና? ጎንደር ከተማ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ደባርቅ ከ2,700 በላይ ነው። ዳባት ያለው ወንድሜ ያንኑ ላስቲክ ወጥሮ አደረ፤ ጠዋት ሲገባ የቃሪያው ቅጠል እንደተቀቀለ ጎመን ጠቁሮ ተኝቷል። ሻጩ «በሩን ከፍተኸው አድረህ ይሆናል» አለው። በሩ ዝግ ነበር።

ተራ ስስ ላስቲክ ቀን ፀሐይ ያስገባል፤ ማታ ደግሞ መሬቱ የሚተፋውን ሙቀት አብዛኛውን ወደ ሰማይ ያሳልፋል። ሰማዩ በጠራበት፣ ነፋስ በሌለበት ሌሊት ማሞቂያ የሌለው ቤት ውስጡ ከውጭው ብዙም አይሻልም፤ አንዳንዴ ጭራሽ ይብሳል።

«ውፍረቱ 200 ማይክሮን ነው» ካሏችሁ ሚዛን ላይ አስወጡት። ትክክለኛ 200 ማይክሮን ላስቲክ 10 ካሬው 1.8 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። የወንድሜ አንድ ኪሎም አልሞላ። ጥቅሉ ላይ ፀሐይ እንደሚቋቋም (ዩቪ) ካልተጻፈም የግንባታ ላስቲክ ነው ብላችሁ ያዙት፤ ፀሐይ ሲመታው ቶሎ ይሰነጣጠቃል።

ላስቲኩን የገዛችሁ ደግሞ አትጣሉት። ከሥሩ በቀርከሃ ወይም በሽቦ ቅስት ሠርታችሁ መደቡን ማታ ማታ በጆንያ ወይም በሁለተኛ ላስቲክ ሸፍኑ። መሸፈኛው ቅጠል እንዳይነካ፤ የነካው ቦታ መጀመሪያ ይመታል። እርጥብ አፈር ከደረቅ ይልቅ ሙቀት ስለሚይዝ ረፋድ ላይ አጠጡ፤ ውኃ የሞላ ጀሪካንም ፀሐይ በሚያገኝበት በመደቡ መሐል ደርድሩ። ቤቱን ሙቀቱ ሳይወጣ 10 ሰዓት ላይ ዝጉ፣ ጠዋት ፀሐይ ሲጠነክር መሸፈኛውን ግለጡ። ይህ ሁሉ ተደምሮ የሚያተርፈው ጥቂት ዲግሪ ነው። ክፉ ውርጭ ለሚወርድበት ቦታ ከቃሪያና ከቲማቲም ይልቅ ጎመንና ነጭ ሽንኩርት ይሻላል፤ ሻጭ ግን ይህን አይነግራችሁም።

የግድ ልትገዙ ከሆነ «ውርጭ ይከላከላል» የሚለውን ውፍረቱን ጨምሮ ደረሰኙ ላይ አስጽፉ። አልጽፍም ካለ ተዉት።