«ባትሪሽ ሞቷል» ብሎ ደህናውን ባትሪዬን ወሰደው

መገናኛ አካባቢ ስልክ የምታሠሩ ሰዎች፣ እባካችሁ ይህን አንብቡልኝ። አሁን ከዚያው ተመልሼ ነው በእህቴ ስልክ የምጽፈው፤ እጄ ገና መንቀጥቀጡን አልተወም።

ስልኬ ሳምሰንግ ኤ52 ነው፣ በ2014 አዲሱን ከነካርቶኑ የገዛሁት። ሞልቼው ከወጣሁ እስከ ማታ ያደርሰኝ ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት ግን በድንገት ከምሳ ሰዓት በፊት ማለቅ ጀመረ፤ ቦርሳዬ ውስጥ ተቀምጦ እንኳ ይግላል። ምንም ሳላጣራ ሮጬ ሄድኩ። እነዚያን ጠባብ ሱቆች ታውቋቸዋላችሁ፤ አንዱ በር ላይ ቆሞ «ምን ነበር እህት?» ይላል፣ ሌላው ከውስጥ አጎንብሶ ይፈታል። ልጁ ቻርጀር ሰክቶ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳያቆየው «ባትሪው ሞቷል። ኦርጅናል አለኝ፣ 2,800 ብር፣ የሦስት ወር ዋስትና» አለኝ። እኔም እሺ አልኩ።

የጀርባውን ክዳን በሙቀት አላቆ ባትሪዬን አወጣው። ጠፍጣፋ ነው፣ ምንም እብጠት የለውም፣ አቅሙን የሚናገረው 4500 የሚለው ጽሑፍ ከፊቴ ይነበባል። «አሮጌውን ስጠኝ» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና «ምን ያደርግልሻል? ቤት ውስጥ ቢፈነዳ በኔ እንዳታሳብቢ» አለ። ቆሻሻ መጣያው እግሩ ሥር ነበር። እሱ ግን መሳቢያውን ሳበ፣ ባትሪዬን በሶፍት ጠቅልሎ፣ እንቁላል እንደሚያስቀምጥ ሰው ቀስ ብሎ አስቀመጠውና ዘጋው። ሞተ ያለውን ባትሪ! በዓይኔ እያየሁ ዝም አልኩ። ከሁሉ በላይ የሚያቃጥለኝ ይሄ ዝምታዬ ነው። ብሩን ቆጥሬ ሰጠሁ፣ ደረሰኝ እንኳ አልጠየቅሁም፣ አመስግኜው ወጣሁ።

በማግስቱም ስልኩ ያው ሆነ። ማታ ታናሽ ወንድሜ ተቀብሎኝ ሴቲንግ ውስጥ ባትሪ የሚለውን ከፈተው። ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ቻርጅ የሚበላው አንድ ቪፒኤን፣ ማለትም የተዘጉ ገጾችን የሚያስከፍት አፕ፣ ነበር። በ2015 ቴሌግራምና ፌስቡክ ተዘግተው በነበረ ጊዜ የጫንኩት ነው፤ በቅርቡ ለአንድ ጉዳይ ከፍቼው ሳልዘጋው ረስቼዋለሁ፣ ሌት ተቀን ይሠራ ነበር። አጠፋው፣ ግለቱም ያን ሌሊት ጠፋ። «ባትሪ በዓመታት ቀስ በቀስ ነው የሚደክመው፣ ሰኞ ደህና ውሎ ረቡዕ አይሞትም» አለኝ ወንድሜ። ያኔ ያ መሳቢያ ትዝ አለኝና እንቅልፍ አጣሁ።

አዲስ የተባለው ባትሪ ደግሞ የራሱን ጉድ አመጣ። ቻርጁ 40 ፐርሰንት ላይ ሆኖ ስደውል ድርግም ብሎ ይጠፋል። ትናንት ክዳኑ በአንድ ጎን ተነስቶ አየሁት፤ ባትሪው አብጦ ከውስጥ እየገፋው ነው።

ዛሬ ወስጄ አሳየሁት። ከያዘው ሥራ ቀና እንኳ አላለም። «ስልኩ ነው ያረጀው እህት፣ ለምን አዲስ አትገዢም?» አለ። ዋስትናው የት ሄደ ስለው «ደረሰኝ አለሽ?» ብሎ ወደ ጓደኛው ዞረ፤ ሁለቱም ሳቁ። ባትሪዬን መልስልኝ አልኩት። «የቱን?» አለኝ። ሰው ተሰብስቦ እያየኝ ወጣሁ።

ቻርጅ በድንገት ማለቅ ከጀመረባችሁ መጀመሪያ ሴቲንግ ገብታችሁ የትኛው አፕ እንደሚበላው እዩ፣ የማትጠቀሙበትን አጥፉ፣ አንድ ቀን ጠብቁ። የግድ ባትሪ ካስቀየራችሁም አሮጌውን ይዛችሁ ውጡ፣ ደረሰኝ ሳትቀበሉ ብር አትስጡ። ያበጠ ባትሪ ያለበትን ስልክ ቻርጅ አታድርጉ፣ ክዳኑንም በእጃችሁ አትጫኑት። የእኔን አጥፍቼ ከልጆች አርቄ አስቀምጬዋለሁ። የራሴ ባትሪ ግን ይሄኔ «ኦርጅናል» ተብሎ ለሌላ ሰው ተሽጦ ይሆናል።