ብራሰልስ ላይ ማግሪትን ማየት፦ ትልቁ ሙዚየም ይሻላል ወይስ ትንሿ ቤት?

ብራሰልስ ለሥራም ይሁን ዘመድ ጥየቃ ብቅ የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ግራንድ ፕላስ ጋ ፎቶ ተነስቶ ዋፍል በልቶ ነው የሚመለሰው፣ አልፈርድበትም፣ ግን ሥዕል ትንሽም ቢሆን ደስ የሚላችሁ ከሆነ ሬኔ ማግሪትን ሳታዩ እንዳትመለሱ። ማን ነው እሱ ለምትሉ፣ ያ ጥቁር ኮትና ክብ ባርኔጣ ያደረገውን፣ ፊቱን አረንጓዴ ፖም የሸፈነውን ሰውዬ የሳለው ነው፣ ስሙን ባታውቁት እንኳን ሥዕሉን ቲሸርት ላይ ወይ የስልክ ከቨር ላይ አይታችሁታል።

ኋላ ቅር እንዳይላችሁ አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ ፖሙ ብራሰልስ የለም። የግለሰብ ንብረት ነው። "ይህ ፒፓ አይደለም" የሚል የተጻፈባት ታዋቂዋ የፒፓ ሥዕልም የለችም፣ እሷ ሎስ አንጀለስ ነው ያለችው። ከእሳት ምድጃ ውስጥ ባቡር የሚወጣበት ደግሞ ቺካጎ ነው። እኔ በገባሁበት ቀን አንድ አባወራ ልጆቹን አስከትሎ ጥበቃውን "ፖሙ የት ነው?" እያለ ሲጠይቅ ሰምቻለሁ፣ ጥበቃውም ጥያቄው የሰለቸው ይመስላል፣ ቀና ሳይል ነው ራሱን የነቀነቀው።

ሌላ ግራ የሚያጋባው ነገር ከተማው ውስጥ በማግሪት ስም ሁለት ሙዚየም መኖሩ ነው። አንዱ ፕላስ ሮያል ላይ ያለው ትልቁ፣ ሌላው ዤት የሚባለው ሰፈር ያለው መኖሪያ ቤቱ ነው። ጎግል ማፕ ላይ ማግሪት ብላችሁ ዝም ብላችሁ ከተከተላችሁ ያላሰባችሁት ጋ ልትደርሱ ትችላላችሁ፣ አድራሻውን እዩት።

ትልቁ ከሴንትራል ባቡር ጣቢያ ሽቅብ በእግር ትንሽ ነው፣ አደባባዩ መሀል በፈረስ ላይ የተቀመጠ ሐውልት አለ፣ እዛው ፊት ለፊት ነው። የቤልጅየም ሮያል የሥነ ጥበብ ሙዚየሞች አካል ሆኖ በ2009 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ነው የተከፈተው፣ ከ200 በላይ ሥራዎቹን ይዟል፣ በዓለም ላይ ይሄን ያህል ማግሪት አንድ ቦታ የሰበሰበ የለም። ብዙው የመጣው ደግሞ ከሚስቱ ከዦርዤትና ከወዳጆቹ ስብስብ ነው። ቀጥታ ላይኛው ፎቅ ወጥታችሁ በጊዜ ቅደም ተከተል እያያችሁ ነው የምትወርዱት፣ ክፍሎቹ ጨለም ያሉ ናቸው፣ መብራቱ ሥዕሎቹ ላይ ብቻ ነው፣ ለእኔ ተመችቶኛል፣ አብራኝ የነበረችው እህቴ ግን እንቅልፌን አመጣው ብላለች።

ላይኛው ፎቅ ላይ ያሉትን ፖስተሮችና የሙዚቃ ኖታ ሽፋኖች ዘላችሁ አትለፉ። ሰውዬው በሥዕል እንጀራ ከማግኘቱ በፊት የግድግዳ ወረቀት ፋብሪካ ውስጥ ዲዛይን ሲሠራ፣ ማስታወቂያ ሲሠራ ነው የኖረው፣ እና ይሄን ካያችሁ በኋላ ሥዕሎቹ ለምን እንደዛ ጥርት ብለው ዓይን ውስጥ እንደሚገቡ ይገባችኋል። እዛው አካባቢ የ1927ቱ ትልቅ ሥዕል አለ፣ ነጭ የለበሱ ሁለት ሰዎች ኳስ እንደሚጫወቱ ሆነው፣ ዛፎቹ የጠረጴዛ እግር የሚመስሉ ሆነው፣ ከላያቸው ደግሞ ጥቁር የባሕር ኤሊ አየር ላይ ይንሳፈፋል። ምን ማለት ነው ብላችሁ አትድከሙ፣ እኔ ቆሜ አይቼው ደስ ብሎኝ ነው ያለፍኩት።

ወደ መሀል ስትወርዱ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ሥዕሎች ይመጣሉ፣ ጀርመኖች አገሩን ይዘውት እያለ እሱ እንደ ፈረንሳዊው ሠዓሊ ሬንዋር በደማቅና በፀሐያማ ቀለም መሳል ጀመረ፣ ከዛ በ1948 ፓሪስ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ለብቻው ኤግዚቢሽን ሲያገኝ ሆን ብሎ ካርቱን የመሰሉ የሚያስጠሉ ሥዕሎች በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሠርቶ ፓሪሶችን አበሳጫቸው። እውነቱን ለመናገር አያምሩም። ግን ድፍረቱን ወደድኩለት።

አሁን ወደ ዋናው። "የብርሃን ግዛት" የሚባለው የ1954ቱ ሥዕል። ከላይ ሰማዩ ቀን ነው፣ ሰማያዊ፣ ነጫጭ ደመና ያለበት። ከታች ሌሊት ነው፣ ዛፉ ጥቁር፣ ቤቱ ጨለማ፣ ላይኛው ፎቅ ላይ ሁለት መስኮት ብቻ ይበራል፣ ደጁ ላይ አንድ የመንገድ መብራት አለ። በቃ ይሄው ነው። ስልክ ላይ ስታዩት "እሺ፣ ቀንና ሌሊት" ብላችሁ ታልፉታላችሁ። ፊት ለፊቱ ስትቆሙ ግን ሌላ ነው፣ ቁመቱ ከአንድ ሜትር ተኩል ትንሽ ነው የሚያንሰው፣ ዓይናችሁ ሰማዩ ላይ ሲሆን ሌሊቱ ውሸት ይመስላል፣ መብራቱ ላይ ሲሆን ሰማዩ ውሸት ይመስላል፣ ሁለቱን አንድ ላይ ለመያዝ ስትሞክሩ አእምሮ እምቢ ይላል። ጠጋ ብላችሁ ደግሞ ቀለሙን እዩት (ጥበቃው እስኪገሥጻችሁ ድረስ)፣ የሱቅ ታፔላ የሚጽፍ ሰው እንደቀባው ልስልስ ያለ ነው፣ ብሩሹ እዚህ ነበር የሚል ነገር የለም። ይሄን ሐሳብ በዘይት ቀለም ብቻ 17 ጊዜ ደጋግሞታል፣ ከእነሱ አንዱ በ2024 ኒው ዮርክ ላይ ከ121 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጧል። እዚህ ግን በቲኬት ዋጋ እስኪበቃችሁ ታዩታላችሁ።

"መመለስ" የሚለውን የ1940ውን ርግብም ፈልጉት፣ ሌሊት ላይ የምትበር ርግብ ናት፣ የሰውነቷ ውስጥ ግን የቀን ሰማይ ነው። በኋላ በ1966 የቤልጅየሙ ሳቤና አየር መንገድ ተመሳሳይ ወፍ አስልቶት ነበር፣ በድሮ ሳቤና የበረራችሁ ትልልቅ ሰዎች ካላችሁ ታስታውሷት ይሆናል።

በነገራችን ላይ ሰርሪያሊዝም (ማግሪት የሚመደብበት፣ ሕልም የመሰለ እንግዳ ነገር የሚሳልበት ስልት) የፈረንጅ ቅብጠት ነው ለሚል ሰው፣ የእኛው እስክንድር ቦጎሲያን በ1950ዎቹ መጨረሻ ፓሪስ ገብቶ ከእነ ኩባዊው ሠዓሊ ዊፍሬዶ ላም ሥራ ጋር ተዋውቆ ከአገሩ የጥቅልል ጽሑፍ ጋር አዋህዶ ነው ያንን ሁሉ የሠራው፣ አንዱ ሥዕሉ ኒው ዮርክ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ገብቷል። ለብቻው ይጻፍበታል፣ እዚህ ላይ ልተወው።

ለእኔ ግን ጉዞውን ሙሉ ያደረገው ዤት ያለው ቤት ነው። ኤሰገም መንገድ ቁጥር 135፣ ከመሀል ከተማ ወጣ ይላል፣ ከውጭ ስታዩት ከጎረቤቶቹ የማይለይ ተራ የጡብ ቤት። ማግሪትና ዦርዤት ከ1930 እስከ 1954 ምድር ቤቱን ተከራይተው እዚህ ኖረዋል፣ ከሥራዎቹም ግማሽ ያህሉ የተሳለው እዚህ ነው። ትልቅ ስቱዲዮ እጠብቅ ነበር፣ የለም። ሰውዬው የሚስለው ምግብ ክፍል ውስጥ ነው፣ ሥዕል ማስቀመጫው ከመስኮቱ አጠገብ፣ ክፍሉ ደግሞ ሦስት ሰው ከገባበት ይጠብባል። ጓሮው ውስጥ ከወንድሙ ጋር ማስታወቂያ የሚሠራበት ክፍል ነበረው፣ እሱ የቤት ኪራይ መክፈያው ነው፣ ሥዕሉ ግን ምግብ ክፍል ውስጥ!

ሳሎኑ ሰማያዊ ነው። እዛ ያለውን የእሳት ምድጃ ስታዩ ክው ትላላችሁ፣ ያ ቺካጎ ያለው ባቡር የሚወጣበት ምድጃ እኮ ነው። መስኮቱን፣ በሩን፣ ደረጃውን ሥዕል ውስጥ አይታችሁታል። ይሄ ሰው ሩቅ አገር ሄዶ ሕልም አላለመም፣ ቤቱ ያለውን ዕቃ ነው ቦታ እያቀያየረ የሳለው፣ እና ትልቁ ሙዚየም ውስጥ ሥዕሎቹን ብቻቸውን ስታዩ ይሄ ነገር ጨርሶ አይገባችሁም። ላይኛዎቹ ፎቆች ላይ ደብዳቤ፣ ፎቶና ጥቂት ኦሪጅናል ሥራዎች አሉ። በ2009 ደግሞ የታጠቁ ሌቦች በጠራራ ፀሐይ ገብተው "ኦሊምፒያ" የምትባለውን የዦርዤትን ራቁት ሥዕል ወስደው ነበር፣ ከሁለት ዓመት በላይ ቆይታ ነው የተመለሰችው።

ነጥብ ስጪ ካላችሁኝ ለትልቁ 4 ከ5፣ ለቤቱ 5። አንዱን ብቻ ለማየት ጊዜ ያለው ሰው ግን ትልቁን ይሂድ፣ ምክንያቱም ሥዕሎቹን ያላየ ሰው ቤቱ ገብቶ ምድጃ ብቻ ነው የሚያየው። ሁለቱንም የምትሉ ጠዋት ትልቁን፣ ከሰዓት በትራም ዤት።

የሁለቱንም የመክፈቻ ቀንና ሰዓት ከመሄዳችሁ በፊት ድረ ገጻቸው ላይ አረጋግጡ። ቡና የምትፈልጉ አደባባዩ አካባቢ አትቀመጡ፣ እኔ ለአንድ ማኪያቶ የከፈልኩትን አልናገርም፣ ወደ ታች ወደ ጣቢያው ወረድ በሉ። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ትልቁ ይሻላቸዋል፣ ቤቱ ውስጥ መሮጫ የለም። ቲኬት ስትገዙም ከጎን ያለውን የድሮ ሠዓሊዎች ሙዚየም የሚጨምረውን ጠይቁ፣ በድሮው ሠዓሊ በብሩግል ስም የሚታወቀው የኢካሩስ ውድቀት እዛ ነው ያለው (ኢካሩስ በግሪክ ተረት በሰም ክንፍ በርሮ ባሕር ውስጥ የወደቀው ልጅ ነው)፣ እግሩን ብቻ ነው የምታዩት፣ ከታች በስተቀኝ ባሕሩ ውስጥ ፈልጉት።