ፖስትን ከወር በፊት ማሰናዳት፦ ለጅማ ነጋዴና ለብሎግ ጸሐፊ የትኛው መሣሪያ ይበጃል?

ሐሙስ የሂርማታ ገበያ ሲደራ ቡና የሚመዝን፣ ማር የሚሸጥ፣ የጅማ በርጩማ የሚያስማማ ሰው ስልኩን አውጥቶ «ዛሬ ምን ልለጥፍ?» የሚልበት ፋታ የለውም። ደንበኛው ደግሞ ስልኩን የሚያየው ገና ጠዋት፣ ከቤት ሳይወጣ ነው። ስለዚህ የሐሙሱ ፖስት ቢዘገይ ቢዘገይ ማክሰኞ ማታ ተጽፎ፣ ፎቶው ገብቶ፣ ቀጠሮው ተይዞ ማደር አለበት። ለዚህ የሚሆኑ መሣሪያዎች ሞልተዋል። ከፊሎቹ ነጻ ናቸው፣ ከፊሎቹ በዶላር ይከፈልባቸዋል። ከታች የምናወዳድራቸው ጅማ ላይ ተቀምጦ፣ መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ሁኔታ፣ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ለሚጽፍ ሰው በሚሰጡት ጥቅም ነው።

አቋማችንን ከወዲሁ እንናገር፦ አንድ የፌስቡክ ገጽና አንድ የቴሌግራም ቻናል ያለው ሱቅ ምንም መግዛት የለበትም። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው መሣሪያ በመምረጥ ሳይሆን ሰዓትና ቀን በመቀየር ላይ ነው፤ እዚያ ላይ ሰፋ አድርገን እንመለስበታለን።

ዕቅዱ የሚጻፍበት ቦታ

የሚለቀው መሣሪያ ሌላ፣ ዕቅዱ የሚቀመጥበት ሌላ ነው። ለዕቅዱ ጎግል ሺትስን፣ ማለትም የጎግልን ነጻ የሠንጠረዥ አፕ፣ እንመርጣለን። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ስልክ ላይ ፋይሉን «ያለ ኢንተርኔት እንዲገኝ» ብላችሁ ካስቀመጣችሁት ኔትወርክ ሲጠፋም ትጽፋላችሁ፤ ሲመለስ ራሱ ያስተካክላል። ትሬሎ ካርድ ከአምድ ወደ አምድ ማንቀሳቀስ ለሚወዱና ሦስት አራት ሆነው ለሚሠሩ ይመቻል። ኖሽን የሚባለው የማስታወሻና የዕቅድ አፕ ያምራል፣ ግን ደካማ ኔትወርክ ላይ ይንቀረፈፋል፤ ለሁለት ሰው ሥራ ይበዛል። የወረቀት ደብተርም አይናቅ፤ ችግሩ ጽሑፉን ከደብተሩ ኮፒ ማድረግ አለመቻሉ ብቻ ነው።

ሺቱ ዘጠኝ አምድ ይበቃዋል፦ የኢትዮጵያ ቀን፣ የፈረንጅ ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር ሰዓት፣ መሣሪያው ላይ የሚሞላው ሰዓት፣ መድረክ፣ ቋንቋ፣ ሙሉ ጽሑፍ፣ የፎቶው ፋይል ስም፣ ሁኔታ። ሁኔታው ሦስት ቃል ብቻ ይሁን፦ «ረቂቅ»፣ «ተቀጥሯል»፣ «ወጥቷል»። የአማርኛውና የአፋን ኦሮሞው ጽሑፍ ለየራሱ ረድፍ ይያዝ፤ አንድ ሴል ውስጥ ሲታጨቁ አንዱ ታርሞ ሌላው ሳይታረም ይወጣል።

በወር 12 ፖስት፣ ማለትም በሳምንት ሦስት፣ ለአንድ ሱቅ በቂ ነው። ከ12ቱ 9ኙን ቅጠሩ (የሚወጡበትን ቀንና ሰዓት አስቀድማችሁ ሙሉ)፣ 3ቱን ቦታ ክፍት ተዉ። ዋጋ የያዘ ፖስት ከአንድ ሳምንት በላይ ቀድማችሁ አትቅጠሩ፤ የቡና ዋጋ ተቀይሮ አሮጌው ዋጋ ከወጣ ከደንበኛ ጋር የሚያጣላው እሱ ነው። ፎቶ ግን ከወርም በላይ ቀድሞ ይነሳል። ቀዩ የቡና ፍሬ የሚለቀመው ከጥቅምት ገደማ ጀምሮ በበጋው መጀመሪያ ነው። በዚያ ወቅት ያልተነሳ የለቀማና የአልጋ ላይ ማድረቂያ ፎቶ ሚያዝያ ላይ ከየትም አይመጣም።

ሜታ ቢዝነስ ስዊት

ለፌስቡክና ለኢንስታግራም ነጻ ነው፤ ከሁለቱ ባለቤት ከሜታ ከራሱ የመጣ ስለሆነም ግንኙነቱ በየጊዜው አይቋረጥም። «ፕላነር» የሚለው ክፍል ወሩን በካላንደር ያሳያል፤ ፖስት፣ ስቶሪና ሪል መቅጠር ይቻላል። ቀጠሮው የሚቀመጠው ሰርቨር ላይ ነው፤ በሰዓቱ ስልካችሁ ጠፍቶ፣ ከተማው ጨልሞ ቢሆንም ፖስቱ ይወጣል።

ሁለት ነገር ይጠይቃል። ፌስቡኩ የግል ፕሮፋይል ሳይሆን ገጽ መሆን አለበት፤ ብዙ ሱቆች በሰው ስም በተከፈተ ፕሮፋይል ስለሚሠሩ መጀመሪያ የሚሰናከሉት እዚህ ነው። ኢንስታግራሙ ደግሞ ወደ ፕሮፌሽናል አካውንት ተቀይሮ ከገጹ ጋር መያያዝ አለበት። ፎቶውን በ1080 በ1350 ፒክሰል አዘጋጁ፤ በስልክ ስክሪን ላይ ሰፊ ቦታ ይይዛል። ሠራተኛ እንዲያግዛችሁ ከፈለጋችሁ ፓስወርድ አትስጡ፤ ከገጹ ሴቲንግ ውስጥ በራሱ አካውንት የሥራ ፈቃድ ስጡት። ሲለቅ ፈቃዱን ማንሳት ብቻ ነው።

ቴሌግራም

ጽሑፉን ጻፉና የመላኪያውን ቁልፍ ተጭናችሁ ያዙ፤ «ስኬጁል ሜሴጅ» የሚል ይወጣል። ኮምፒውተር ላይ ቁልፉን በማውሱ ቀኝ ነክታችሁ ታገኙታላችሁ። በአንድ ቻናል እስከ 100 መልእክት፣ እስከ አንድ ዓመት ቀድሞ መቅጠር ይቻላል። ይህም ሰርቨር ላይ ስለሚቀመጥ ስልክ መክፈት አያስፈልገውም። ለጅማ ሁኔታ ከዚህ የቀለለ አላየንም።

ጉድለቱ ካላንደር የለውም። የተቀጠሩት በዝርዝር ይደረደራሉ እንጂ የትኛው ሳምንት ባዶ እንደሆነ አይታይም፤ ሺቱ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ሌላው የፊደል ገደብ ነው፦ ያለ ፎቶ የሚላክ ጽሑፍ እስከ 4096 ፊደል ሲይዝ፣ ከፎቶ በታች የሚገባው ግን የሚከፈልበት ቴሌግራም ፕሪሚየም ለሌለው ሰው 1024 ነው። ረጅም ማብራሪያ ካላችሁ ፎቶውን አስቀድሙ፣ ጽሑፉን ከአንድ ደቂቃ በኋላ እንዲወጣ ለብቻው ቅጠሩ።

በቦት፣ ማለትም ቴሌግራም ውስጥ በራሱ በሚሠራ ፕሮግራም፣ የሚሠሩም አሉ። ቦትፋዘር በሚባለው የቴሌግራም የቦት መፍጠሪያ ላይ የራሳችሁን ቦት ትፈጥሩና ቶከኑን (ቦቱ የሚታዘዝበትን ምስጢራዊ ኮድ) ለሌላ የፖስት ማስተዳደሪያ ቦት ትሰጣላችሁ፤ ከፖስቱ ስር የሚነኩ ቁልፎች መጨመር ለሚፈልግ ይጠቅማል። ያ ቶከን ያለው ሰው ግን በቦቱ በኩል ቻናላችሁ ላይ መጻፍ ይችላል። ስለዚህ ለቦቱ መጻፍን ብቻ ፍቀዱለት፤ አድሚን የመሾም ሥልጣን በፍጹም አትስጡት።

ባፈር፣ ሁትስዊት፣ ካንቫ

የእነዚህ ጥቅም አንዴ ጽፎ ብዙ መድረክ ላይ ማውጣት ነው። የባፈር ነጻ አማራጭ 3 አካውንት ያገናኛል፤ በእያንዳንዱ በአንድ ጊዜ 10 ፖስት ወረፋ ይይዛል። በሳምንት ሦስት ለሚለጥፍ 10 ማለት ከሦስት ሳምንት በላይ ነው፤ ስለዚህ ነጻው ይበቃል። ከዚያ በላይ ሲሆን ክፍያው በአካውንት ቁጥር ስለሆነ፣ አካውንት በጨመራችሁ ቁጥር ሂሳቡ ያድጋል። ቴሌግራምን አያገናኝም፤ ደንበኛው ቴሌግራም ላይ ለሆነ የጅማ ሱቅ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። ሁትስዊት ነጻ አማራጩን በ2023 (በፈረንጅ) ዘግቷል፤ ክፍያው የተሰላው ለትልልቅ ድርጅቶች ነው፤ ለአንድ ሱቅ አንመክረውም። ካንቫ ላይ ፎቶና ፖስተር መሥራት ነጻ ነው፤ ከዚያው የሚቀጥረው ካላንደር ግን በሚከፈለው ፕሮ ውስጥ ነው። ሠርቶ አውርዶ በሜታ መቅጠር ያው ውጤት ይሰጣል።

ከመግዛታችሁ በፊት መክፈያውን አስቡ። በብር ብቻ የሚሠራ የባንክ ካርድ የዶላር ደንበኝነት አይከፍልም። የውጭ ምንዛሪ ካርድ የሌለው ሰው በሌላ ሰው ካርድ ያስከፍላል፤ ባለካርዱ በሚቀጥለው ወር ካርዱን ሲቀይር አካውንቱ ወደ ነጻው ይወርዳል፣ የወሩ ዕቅድም መሀል መንገድ ላይ ይቆማል። ሌላም አለ፦ የፌስቡክ ፓስወርድ በተቀየረ ቁጥር ከሦስተኛ ወገን መሣሪያ ጋር ያለው ግንኙነት ሊበጠስና እንደገና ማገናኘት ሊጠይቅ ይችላል። ፓስወርድ የቀየራችሁ ዕለት የተቀጠሩትን አንድ በአንድ ፈትሹ።

ሰዓቱና ቀኑ

መሣሪያዎቹ ሁሉ የሚቆጥሩት ከእኩለ ሌሊት ነው፤ እኛ ደግሞ ከንጋት። ጠዋት 2 ሰዓት እንዲወጣ ፈልጋችሁ 2:00 «ኤኤም» ብትሞሉ ፖስቱ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ይወጣል፤ ከተማው ሲነቃ ከሌሎች ፖስቶች ስር ተቀብሯል። መሞላት ያለበት 8:00 ኤኤም ነው። ማታ 1 ሰዓት 7:00 ፒኤም፣ ወይም በ24 ሰዓት አቆጣጠር 19:00 ነው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ የሚወጣ ከሆነ የፈረንጁ ቀንም ይቀየራል፦ የእኛ ሐሙስ ማታ አልፎ ሌሊት 7 ሰዓት፣ በመሣሪያው ዓርብ 1:00 ኤኤም ነው። ለዚህ ነው ሺቱ ላይ ሁለት የሰዓት አምድ ያስቀመጥነው።

ለቀኑ ቀያሪ አፕ ከመፈለግ ሺቱ ራሱ ይሥራው። መስከረም 1 የሚውልበትን የፈረንጅ ቀን በአንድ ሴል ጻፉ። ከወሩ ቁጥር 1 ቀንሱ፣ በ30 አባዙ፣ ቀኑን ደምሩ፣ መልሳችሁ 1 ቀንሱ፤ ያገኛችሁትን በመስከረም 1 ላይ ደምሩ። ለምሳሌ የ2018 መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11፣ 2025 ነው። ታህሳስ 29 ማለት 3 በ30፣ 90፤ ሲደመር 29፣ 119፤ ሲቀነስ 1፣ 118። ከሴፕቴምበር 11 118 ቀን ሲቆጠር ጃንዋሪ 7 ይሆናል፤ ገና። በየዓመቱ የምትቀይሩት የመጀመሪያውን ሴል ብቻ ነው። በአራት ዓመት አንዴ ጳጉሜን 6 ስትሆን የሚቀጥለው መስከረም 1 ወደ ሴፕቴምበር 12 ይሄዳል። የ2020 ዓ.ም. እንደዚያ ነው፤ በዚያ ዓመት ጥር 11 የሚውለው ጃንዋሪ 20 ላይ ነው። ያለፈውን ዓመት ፋይል ኮፒ አድርጎ የሚሠራ ሰው የጥምቀቱን ፖስት በከተራ ያወጣዋል።

ኢድ በጨረቃ መታየት የሚወሰን ስለሆነ፣ ጅማን በመሰለ ከተማ ቁርጥ ያለ ቀን ሰጥቶ መቅጠር ከባድ ስህተት ነው። የመልካም ምኞቱን ፖስት ረቂቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ጨረቃዋ መታየቷ ሲነገር በእጃችሁ ልቀቁ። በረመዳን ወር የማታውን ፖስት ከኢፍጣር በኋላ አድርጉት።

ብሎግ ላላቸው

ብሎገርም ሆነ ዎርድፕረስ ጽሑፍ በነጻ ይቀጥራሉ። ሁለቱም ላይ መጀመሪያ ሴቲንግ ገብታችሁ የሰዓት ቀጠናውን አዲስ አበባ ወይም ምሥራቅ አፍሪካ አድርጉ። ዎርድፕረስ በዜሮ ቀጠና (ዩቲሲ፣ ከእኛ 3 ሰዓት ወደኋላ) ላይ ከቆየ ለ8:00 የቀጠራችሁት 11:00፣ በእኛ ረፋድ 5 ሰዓት ይወጣል።

በራሳችሁ ሆስቲንግ (በተከራያችሁት ሰርቨር) ላይ ያለ ዎርድፕረስ ሌላ ጣጣ አለው። ቀጠሮውን የሚያስታውሰው ጎብኚ ገጹን ሲከፍት ነው። ጎብኚ ካልመጣ ሰዓቱ ያልፋል፣ ጽሑፉ አይወጣም፤ ዝርዝሩ ላይ «ሚስድ ስኬጁል» ይላል። በቀን ጥቂት ሰው የሚያየው የጅማ ብሎግ ላይ ይህ ደጋግሞ ይገጥማል። መፍትሔው ከሆስቲንጉ መቆጣጠሪያ ውስጥ በየ5 ደቂቃው የሚቀሰቅሰው «ክሮን ጆብ» ማስገባት ነው። ይህን መነካካት ለማይፈልግ ብሎገር ይሻለዋል፤ የዲዛይን ምርጫው ግን ጠባብ ነው።

አንድ 800 ቃል የብሎግ ጽሑፍ ሦስት አራት ፖስት ይወጣዋል። ኤክስ (የቀድሞው ትዊተር) ላይ የምታወጡ ከሆነ አንድ ነገር ያዙ፦ 280 ከሚለው ገደብ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ሁለት ይበላል። በአማርኛ 140 ፊደል ብቻ አላችሁ፤ በቁቤ የተጻፈው አፋን ኦሮሞ ግን ሙሉ 280 ያገኛል። ስለዚህ አማርኛውን አሳጥራችሁ ለየብቻ ጻፉ።

ድንገት ማቆም ሲያስፈልግ

ከመምረጣችሁ በፊት መፈተሽ ያለበት የመጨረሻው ነገር ይህ ነው። ከተማው ሐዘን ላይ ሲወድቅ፣ ከሳምንት በፊት የቀጠራችሁት የቅናሽና የደስታ ፖስት በሰዓቱ ይወጣል፤ ማሽኑ ለቅሶ አያውቅም። ባፈር የአንድን አካውንት ወረፋ ባንዴ ያስቆማል። ሜታ ላይ ፕላነር ከፍታችሁ አንድ በአንድ ወደ ሌላ ቀን ትወስዳላችሁ ወይም ወደ ረቂቅ ትመልሳላችሁ፤ ለ9 ፖስት ብዙ አይፈጅም። ቴሌግራም ላይ ሁሉን ባንዴ ማቆሚያ የለም፦ የተቀጠሩትን ዝርዝር ከፍቶ አንድ በአንድ ቀኑን መቀየር ወይም መርጦ ማጥፋት ነው፣ የጠፋውም አይመለስም። ሙሉ ጽሑፉ ሺቱ ላይ ካለ ግን በማግስቱ ኮፒ አድርጎ መልሶ መቅጠር የሩብ ሰዓት ሥራ ነው።