ለአዲስ ቡችላ ምን ይገዛ? ሰንሰለት፣ የአንገት ቀበቶ ወይስ ሃርነስ

ቡችላ ቤት ስታስገቡ መካሪው ብዙ ነው። ዘበኛው “ሰንሰለት ግዛለት” ይላል፣ ጎረቤት “ገመድ ምን አነሰው?” ይላል፣ ቴሌግራም ላይ የሚሸጠው ልጅ ደግሞ ያለውን ሁሉ ሊሸጥላችሁ ይሞክራል። ቤቴ አራት ኪሎ ነው። ሁሉንም ገዝቼ ሞክሬያለሁ፤ ግማሹ አሁን ኮተት መሀል ተጥሏል። እናንተም እንደኔ ብራችሁን እንዳትበትኑ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ሰንሰለቱን ቶሎ እንጨርሰው። እሱ ግቢ ውስጥ ውሻ ለማሰር እንጂ ውሻ ይዞ ለመሄድ የሚሆን ዕቃ አይደለም። ይከብዳል። የሁለት ወር ቡችላ አንገት ላይ ሲንጠለጠል ጭንቅላቱን ወደ መሬት ይስበዋል፣ መንኳኳቱም ያስደነግጠዋል። የኔዋ በመጀመሪያው ቀን አልጋ ሥር ገብታ እስከ ማታ አልወጣችም። ጥቅሙ አንድ ብቻ ነው፤ አይታኘክም። ሲጎትት እየጠበቀ አንገት የሚያንቀውን ዓይነት ደግሞ ለቡችላ ጭራሽ አታስቡት።

ዋናው ምርጫ በአንገት ቀበቶና በሃርነስ መካከል ነው። ሃርነስ የምንለው ደረትና ትከሻ ላይ የሚታሰረውን ነው።

የአንገት ቀበቶ ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ ቡችላውም ቶሎ ይለምደዋል። ስልክ ቁጥራችሁን ታንጠለጥሉበታላችሁ፤ ቢጠፋ ቢያንስ ባለቤት እንዳለው ይታወቃል። ችግሩ የሚመጣው መንገድ ላይ ነው። ቡችላ ወይ ይጎትታል ወይ እግሩን ተክሎ አልሄድም ይላል፣ በሁለቱም ጊዜ ጫናው በሙሉ አንገቱ ላይ ያርፍና ያስለዋል። ከዚህ የባሰው ግን ማምለጡ ነው። አንድ ጠዋት ታክሲ መያዣው ጋ ወያላው “ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!” ብሎ ከጆሮዋ ሥር ሲጮህ የኔዋ ደንግጣ ወደ ኋላ ሸሸች፣ ቀበቶው በጆሮዋ በኩል ሹልክ ብሎ ወጣና እኔ ባዶ ገመድ ይዤ ቀረሁ። አንድ ሊስትሮ ልጅ ሮጦ ባይዝልኝ መኪና ሥር ትገባ ነበር። ጥፋቱ የኔም ነው፤ እንዳያንቃት ብዬ በጣም አላልቼው ነበር። በቀበቶውና በአንገቱ መካከል ሁለት ጣት ከገባ ይበቃል፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ላላ ማለት ነው።

ሃርነስ ጫናውን ደረትና ትከሻ ላይ ይበትነዋል፤ በልኩ ከታሰረም ማምለጥ ይከብዳል። አፍንጫቸው አጭር ለሆኑና ለመተንፈስ ለሚቸገሩ ውሾችማ ያለሱ ባይወጡ ይሻላል። ሲገዙ ገመዱ የሚያያዝበት ቀለበት የት እንዳለ ይታይ። ጀርባ ላይ ከሆነ ለጀማሪ ይመቻል፣ ገመዱም እግሩ ላይ አይጠመጠምም። ግን ቡችላው ሲያድግ ጋሪ እንደሚስብ ፈረስ በሙሉ ደረቱ ሊጎትታችሁ ይችላል። ደረት ላይ ቀለበት ያለው በጎተተ ቁጥር ፊቱን ወደናንተ ያዞረዋል፣ ስለዚህ ትልቅ ዝርያ ለያዘ ሁለቱም ቀለበት ያለበትን መግዛት ያዋጣል። ቅርጹንም እዩ፦ ከአንገት ሥር ወርዶ በፊት እግሮቹ መሀል የሚያልፈው ትከሻውን አይዝበትም፣ በአግድም ደረቱን የሚያቋርጠው ግን አረማመዱን ያደናቅፈዋል። ጉዳቱ? ከቀበቶ ይወደዳል፣ ቡችላም ቶሎ ያድግበታል። ብብቱን እየላጠው እንደሆነም በየቀኑ ማየት ነው።

ስለዚህ እኔ ብሆን ሃርነሱን ለመንገድ፣ ቀጭን ቀበቶ ደግሞ ለስልክ ቁጥሩ እገዛለሁ።

ገመዱ ላይ ብዙ አትጨነቁ። ከአንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር የሆነ ጠፍጣፋ ናይለን፣ መንጠቆውም ትንሽና ቀላል የሆነ። ቆዳ እጅ ላይ ሲይዙት ደስ ይላል፣ ግን ጥርስ ለሚቀይር ቡችላ ቋንጣ መስጠት ነው፤ ሰባት ወር እስኪሞላው ይቆይ። ከመያዣው እየተሳበ የሚወጣውንና ተመልሶ የሚጠቀለለውን ተዉት። ሁልጊዜ ስለሚወጠር መጎተትን ራሱ ያስተምረዋል፣ መያዣው ከእጅ ካመለጠም እየተንኳኳ ከኋላው ያሳድደዋል። ፒያሳ ላይ ደግሞ የመንገደኛ እግር መጥለፊያ ነው።

የገዛችሁትን በገዛችሁበት ቀን ይዛችሁ እንዳትወጡ። ምግቡን ሲበላ አምስት ደቂቃ አልብሱትና አውልቁት። ሲለምደው ገመዱን አያይዛችሁ እያያችሁት ቤት ውስጥ ይጎትተው፣ ከዚያ ኮሪደር፣ ከዚያ ደረጃ። ሲጎትት ቁሙ፣ ገመዱ ሲላላ ሂዱ፣ አጠገባችሁ ሲሄድ ትንሽ የተቀቀለ ሥጋ ጣል አድርጉለት። ጾም ላይ ሉካንዳው ሲዘጋ እኔ የተቀቀለ እንቁላል ቆራርጬ ነበር የምይዘው፤ ጎረቤቶቼ በትዝብት ያዩኝ ነበር።

ክትባቱ እስኪያልቅ መንገድ ላይ አይውረድ። ቡችሎችን የሚፈጀው ፓርቮ ቫይረስ አፈር ላይ ለወራት ይቆያል፣ የሰፈራችንን የጎዳና ውሾች ደግሞ ታውቋቸዋላችሁ። ተከታታዩ ክትባት አብዛኛውን ጊዜ አራት ወር አካባቢ ያልቃል፣ የእብድ ውሻ በሽታው ደግሞ ከሦስት ወር ጀምሮ ይሰጣል። እስከዚያ ሃርነሱን አልብሳችሁ በእቅፋችሁ አውጡት፤ የመኪናውንም የሰውንም ድምፅ ይልመድ። ከዚያ በኋላ እሑድ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ በኮሪደር ልማቱ የሰፋው የእግረኛ መንገድ ለልምምድ ግሩም ነው። ሉካንዳ በር ላይ ግን አትለፉ፣ ቦታው ባለቤት አለው።

ከመግዛታችሁ በፊት የልብስ ሰፊ ሜትር ውሰዱና ከፊት እግሮቹ ኋላ ደረቱን ዙሪያውን ለኩ። ሻጩን “የስንት ወር ይሆናል?” ብላችሁ አትጠይቁት፣ ሴንቲሜትሩን ንገሩት። ልኩ ከማስተካከያው መሀል ላይ የሚያርፈውን ከመረጣችሁ ሲያድግም ታሰፉታላችሁ።