ሎስ አንጀለስ ላላችሁ፦ ለለቅሶ አበባ ያዘዝኩበት ሱቅ

እዚህ ከተማ ለለቅሶ አበባ ለሚፈልግ ሰው ነው ይህን የምጽፈው፣ የኛ ሰው ሲቸግረው ወይ ግሮሰሪ ገብቶ በፕላስቲክ የተጠቀለለውን ያነሳል ወይ ሌሊት ተነስቶ ዳውንታውን አበባ ተራ ይነዳል። አበባ ተራው ርካሽ ነው አልክድም፣ ግን ሀዘን ላይ ያለ ሰው በዛ ሰዓት በጋሪ መሀል እየተጋፋ ዋጋ የሚከራከርበት አቅም የለውም። እኔ የሄድኩበት ሱቅ ከሊትል ኢትዮጵያ በፌርፋክስ ወደ ሰሜን ትንሽ ነዳ ስትሉ ያለ ነው። የባለቤቶቹን የቤት ጉዳይ ስለማወራ ስሙን ትቼዋለሁ፣ የሚፈልግ በውስጥ ይጠይቀኝ።

ያ ሳምንት ምን ሳምንት እንደነበር መቼም አትረሱትም። ማክሰኞ ኖቬምበር 4 ቀን 2008 (በፈረንጁ) ማታ ከጓደኞቼ ጋር ፌርፋክስ ላይ ነበርኩ፣ የካሊፎርኒያ ምርጫ ጣቢያ በፈረንጁ 8 ሰዓት ሲዘጋ ቲቪው ወዲያው ኦባማ አሸነፈ አለ፣ ከዛማ እልልታው ጡሩምባው ምኑ ቅጡ፣ የማላውቀው ሰው እያቀፈኝ፣ አንዱ የጎረቤታችን የኬንያ ልጅ ነው እኮ እያለ መንገድ ላይ እየዘለለ፣ እኔም ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩ። ለካ አብረውኝ ከሚጨፍሩት ውስጥ እናቴ ደሴ ላይ እንዳረፈች የሰሙ ነበሩ። መርዶ በንጋት ነውና ዛሬን ትደሰት ብለው ዝም አሉ፣ ረቡዕ ገና ሳይነጋ በሬ ተንኳኳ። ልቀየማቸው ይሁን ላመስግናቸው እስካሁን አልለየልኝም። ለቅሶ ቤት የመጣ ሁሉ የኦባማን አያት ያነሳ ነበር፣ ሞታቸው የተሰማው በምርጫው ዋዜማ አይደል፣ ሻርለት ላይ ሲናገር እንባው ሲወርድ አይተን የለ፣ እሱም ቀብሮ ነው ቤተ መንግሥት የሚገባው አሉ አንዲት እናት፣ እኔን ማጽናናታቸው ነው።

ፎቶዋ አጠገብ የሚቆም አበባ ፈልጌ ሐሙስ ወደ ሱቁ ሄድኩ። ባንኮኒው ጋ ያለው ሰውዬ ዓይኑ ቀልቷል፣ የኔም እንደዛው። ምን ልርዳሽ አላለኝም፣ ወንበር ስቦ ማን ነው የሞተብሽ አለኝ። እናቴ ምን ትወድ እንደነበር፣ አበባው የት እንደሚቀመጥ፣ ሰው ምን ለብሶ እንደሚመጣ ጠየቀኝ። አደይ አበባ ስለው አያውቀውም፣ ቢጫ፣ ትንንሽ፣ ሜዳ ላይ የሚበቅል ብዬ በእጄ ጭምር ሳስረዳው ጓዳ ገብቶ ዳይዚ የሚመስል ቢጫ ክሪሳንተመም ይዞ መጣ፣ አደይ ባይሆንም ከሩቅ ያታልላል። የኢትዮጵያ ሮዝ አለ ወይ ብዬም ጠየቅኩት (እልህ ነገር ያዘኝ መሰለኝ)፣ እዚህ የሚመጣው ባብዛኛው የኢኳዶርና የኮሎምቢያ ነው የናንተ ወደ ሆላንድ ነው የሚሄደው አለኝ፣ ሥራውን ያውቃል።

ከዛ ፍሪጁን ከፍቶ ብዙ ነጭ ሊሊና ነጭ ሮዝ አሳየኝ። እውነቱን ልንገርሽ አለ፣ ይሄ ለቅዳሜ ሠርግ የታዘዘ ነው፣ ሁለት ሴቶች ናቸው፣ ትናንት ደውለው ሰረዙት፣ የሠርግ አበባ ለሀዘን አይሆንም ካልሽ ይገባኛል፣ ከወሰድሽው ግን በግማሽ ዋጋ።

ፕሮፖዚሽን 8 ነዋ፣ በዛው የማክሰኞ ምርጫ ለሕዝብ ድምፅ የቀረበው የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ ይከልከል የሚለው። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሜይ ላይ ወንድ ከወንድ ሴት ከሴት መጋባት ይችላል ብሎ ከጁን አጋማሽ ወዲህ ወደ 18 ሺህ ጥንድ ተጋብቷል፣ እሱን ነው መራጮች በ52 ለ48 ክልከላውን የካሊፎርኒያ ሕገ መንግሥት ውስጥ አስገብተው ከረቡዕ ጀምሮ የዘጉት። የስ ያለ ይከልከል፣ ኖ ያለ ይቀጥል ማለት ስለነበር ስንቱ ተምታቶበት እንደመረጠ እናውቃለን። የኛ ቤተ ክርስቲያን ሰው የስ ሲል ነው የከረመው፣ እኔ ኖ ነው ያልኩት፣ ሌላው ቢያገባ እኔን ምን አገባኝ፣ የሚቀየመኝ ይቀየመኝ። በዛው ወረቀት ላይ ዶሮ በረቷ ውስጥ ክንፏን የምትዘረጋበት ቦታ ይሰጣት የሚለው ፕሮፖዚሽን 2 እኮ በሰፊው አለፈ!

ባለሱቆቹም ሁለት ወንዶች ናቸው፣ በበጋው ተፈራርመዋል፣ የነሱ ጋብቻ ይጸናል ወይስ ይፈርሳል የሚለው ያኔ ገና ፍርድ ቤት የሚያየው ነበር። ሰውዬው ማክሰኞ ማታ ኦባማ ሲያሸንፍ በደስታ አልቅሼ ከሁለት ሰዓት በኋላ በሌላው አለቀስኩ፣ የቱ የቱ እንደሆነ ጠፋኝ አለኝ። እኔ ደግሞ መርዶዬን ነገርኩት። ደንበኛ ሲገባ ሁለታችንም ፊታችንን ጠረግን።

ወሰድኩት። ለቅሶ ቤት አበባው እንዴት ያምራል ስትሉኝ የነበራችሁ፣ አዎ የሠርግ አበባ ነበር፣ አሁን አወቃችሁ። ሳልጠይቀው ያደረገልኝ ነገር ደግሞ፣ ሰዉ ነጠላ እንደሚለብስ ስለነገርኩት የሊሊውን መሀል ያለውን ቡናማ ዱቄት አንድ በአንድ ለቅሞ አወጣው፣ ነጭ ጨርቅ ከነካ አይለቅም አለ። ቢጫውን መሀሉ ላይ ሰካካልኝ። እስከ ሳምንቱ አልጠወለገም፣ የሊሊው ሽታ ግን ለጠባብ ሳሎን በዛ፣ ከእጣኑና ከቡናው ጋር ራስ ያዞራል።

አሁን ወደ ጉድለቱ። ሁለተኛ ጊዜ ለቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ሳዝ ዴሊቨሪው ዘግይቶ ጸሎቱ ካለቀ በኋላ ደረሰ፣ ሪባኑ ላይ የእናቴን ስም አንድ ፊደል አጉድለውታል፣ ስደውል ስልክ የምታነሳው ልጅ እንደ ሰውዬው አይደለችም፣ ተቻኩላ ዘጋችብኝ። በኋላ እሱ ራሱ ደውሎ የዴሊቨሪውን ብር መለሰልኝ። መደበኛ ዋጋቸው ደህና አድርጎ ውድ ነው፣ የኔ የረከሰው በሰው ሠርግ መፍረስ ነው፣ እንደዛ ይገኛል ብላችሁ እንዳትሄዱ። ፓርኪንግ የለም፣ የጎን መንገዱ ላይ ደግሞ የነዋሪ ፈቃድ ይጠይቃል፣ ቲኬት ትበላላችሁ።

ከአምስት አራት እሰጣለሁ፣ አንዱ የተቀነሰው ለሪባኑ ነው። ለአርባዋም እዛው አዝዣለሁ፣ በሙሉ ዋጋ፣ ስሟን በትልልቅ ፊደል ጽፌ ሰጥቼዋለሁ። ሰኞ ዝግ ናቸው፣ ለእሁድ ከሆነ ከሐሙስ በፊት ደውሉ፣ ሊሊ ካዘዛችሁ ደግሞ ዱቄቱን አንሱልኝ ማለት እንዳትረሱ።